አግድም መስመር ያለው ካልሲ

ቋሚ መስመር ያለው ካልሲ እግር ያቀጥናል፤ አግድም መስመር ያለው ያወፍራል። ይህን የነገረችኝ ከሪማ ናት፤ ባሕር ዳር ሳልባጅ ተራ ካልሲና ስቶኪንግ ቆልላ የምትሸጥ ጓደኛዬ። ለእኔ አስባ ቋሚ ቋሚውን ለይታ አስቀምጣልኝ ነበር። እኔ ግን እጄን ከክምሩ ሥር ሰድጄ ሰናፍጭ ቀለም ያለው፣ ቡናማ መስመር በአግድም የዞረበት ረጅም ካልሲ ጎትቼ አወጣሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጆሮ የለሽም? ይኼ እኮ ያወፍራል አልሁሽ" አለች።

"ሰምቻለሁ። ወፍራም ነው፤ ወፍራም ይምሰል።"

ግራ እግሬ ወፍራም ነው። ሞላ ያለ ማለቴ አይደለም፤ ዝሆኔ ነው። ከጣቶቼ እስከ ጉልበቴ ሥር ያበጠ፣ ከቀኙ ጋር ጎን ለጎን ሲቆም የሌላ ሰው እግር የሚመስል ነው። ያደግሁት ከደንበጫ ወዲያ አያቴ ዘንድ ነው፤ አፈሩ ቀይ ነው፤ ጫማ የሚደረገው ለጥምቀትና ለፋሲካ ነበር። እባብ ረግጣ ነው የሚል አለ፤ ዘራቸው ነው የሚል አለ፤ እርግማን ነው የሚልም አይጠፋም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ቁርጡን ነገረችኝ። አፈሩ ነው፤ ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ነው የሚመጣው፤ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። መድኃኒቱም እግርን ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው አለችኝ። ሌላዋ ሴት ለመዋብ የምትገዛውን እኔ በሐኪም ትእዛዝ ነው የምገዛው። ከተገዛ አይቀር አምሮ ይገዛ አልሁ።

እዚህ ሐሳብ ላይ የደረስሁት ግን በአንድ ጀንበር አይደለም። የምሠራው በአንድ ኮሌጅ የሬጅስትራር መስኮት ነው። ሥራውን ስይዝ ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ መስኮቱ ነበር፤ ተማሪ የሚያየኝ ከደረቴ በላይ ብቻ ነው። "ቆንጆ ናት" ሲባባሉ እሰማለሁ። ፋይል ለማምጣት ስነሣ ዝም ይላሉ። ያኔ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ነበር የምለብሰው። ቤታችን ዘንዘልማ ነው፤ ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ ዛሬ ቤት የበቀለበት ሰፈር፤ መንገዱ ገና ስላልተሠራ ክረምት ሲገባ ባጃጁ ራሱ ይሰምጣል። ቀሚሴም ጭቃውን እየጠረገ እግሬ ላይ ያመጣልኝ ነበር። "እግርሽን እደብቃለሁ ብለሽ እግርሽን ታቆስያለሽ" ብላ ነርሷ ተቆጣችኝ። ልክ ነበረች፤ ወድጄ ባይሆንም ተቀበልኋት።

ረጅሙን ቀሚስ ያስጣለኝ የእናቴ ፎቶግራፍ ነው። እናቴ ወለተ ሥላሴ በወጣትነቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። በፎቶው ላይ ከጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ከጉልበት ዝቅ ያለ፣ ወገቡ በቀበቶ የተያዘ ሽንሽን ቀሚስ ለብሰዋል፤ ካልሲያቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተጠቅልሏል፤ ጫማቸው በክር የሚታሰር፣ ታኮው አጭር፣ አፍንጫው ክብ ነው። የዛሬ ልጆች "ቪንቴጅ" የሚሉት ይህንኑ ነው። ፎቶውን አየሁና አንድ ነገር ገባኝ። ጥብቅ ሱሪ እግሬን አይቀበለውም፤ ረጅም ቀሚስ ያፍርበታል። ይህ የድሮ አለባበስ ግን ድሮውንም ለወፍራም ካልሲና ለጠንካራ ጫማ ቦታ አለው። እኔን የሚጠብቅ ልብስ ከእኔ በፊት ተሰፍቶ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የምለብሰው እንደዚያ ነው። ለበዓል አይደለም፤ ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ። መምረጡንም ተክኜበታለሁ። ካልሲ ጥጥ ይሁን፤ ናይሎን እግርን በላብ ይቀቅላል። አፉ ላይ ያለው ላስቲክ ሲወልቅ እግር ላይ ቦይ የሚተው ከሆነ፣ ወርቅ ቢሆንም አልገዛውም። ቀለሙን ከቀሚሱ አበቦች መካከል ከደብዛዛው እወስዳለሁ እንጂ ከደማቁ አልወስድም፤ ደማቁ ከቀሚሱ ጋር ይጣላል። አጭር ካልሲ ተጠቅልሎ በክር ከሚታሰር ጫማ ጋር ለሥራ ቀን ይሆናል፤ ረጅሙ በጠፍር ከሚያዝ ጫማ ጋር ለእሑድ። "ሥጋ ቀለም" የሚሉትን ስቶኪንግ ግን በደጄም አይለፍ። ከሪማ አንዱን በክንዷ ላይ ዘርግታ "ወላሂ፣ ይኼ የማን ሥጋ ነው? ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ዙሪያውን ብትሄጂ ባለቤቱን አታገኚውም" ብላ አስቃኛለች።

ጫማውን የሚሠራልኝ ወንድሟ አብዱልሃኪም ነው። አባታቸው ጀልባ ሠሪ ነበር፤ እሱ ከጣውላ ወደ ቆዳ ዞረ። እግሬን የሚለካው አመሻሽ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የዋለ እግር ማታ ያብጣልና በጠዋት ልክ የተሠራ ጫማ ማታ ጠላት ነው። ለቀኝና ለግራዬ ሁለት የተለያዩ የእንጨት ቅርጾች ጠርቦ ስሜን ጽፎባቸዋል። መጀመሪያ ጊዜ "ግራውን በጥቁር ላድርገው? ጥቁር ያሳንሳል" አለኝ። ሁለቱም ወይን ጠጅ ይሁኑ አልሁት። ደግሞ አልጠየቀኝም። ቀኙ ሠላሳ ስምንት፣ ግራው አርባ አንድ፣ ሁለቱም ወይን ጠጅ፣ ሁለቱም በጠፍር የሚያዙ፤ ውብ ጫማዎች ናቸው።

እንዲህ ሆኜ ስኖር የእህቴ የሀኒ ሽማግሌ መጣ።

ሀኒ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች። እሷ ስትወለድ አባታችን አዘዘ ወደ ከተማ ገብቶ ነበርና ከልጅነቷ ጫማ አድርጋ ነው ያደገችው፤ እግሮቿ እኩል ናቸው። ከፍሬ ስብሐት ጋር ሁለት ዓመት ተዋደዋል፤ መሐንዲስ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። እኔ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ በመስኮቴ በኩል፣ አንድ ጊዜ ቀድሜ ከተቀመጥሁበት የካፌ ጠረጴዛ ኋላ። ሁለቱንም ጊዜ ከወገቤ በላይ ነው ያየኝ። ሆነ ተብሎ መደረጉ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሐሙስ ዕለት የእናቴ ወንድም ጋሼ ኃይለ ገብርኤል መጣ። አባታችን ካረፈ ወዲህ በዚህ ዓይነት ጉዳይ የቤቱ አባት እሱ ነው። ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ ጀመረ።

"እሑድ እንግዶች ይመጣሉ። አንቺ ጎርጎራ የአክስትሽ ልጅ ዘንድ ደርሰሽ ብትመጪ ምን ይመስልሻል? በጀልባ ትሄጃለሽ፤ የሐይቁን ነፋስ ትቀበያለሽ።"

"ሐይቁ ያው አንድ ሐይቅ ነው፣ ጋሼ። ነፋሱን እዚሁ ሆኜ እቀበለዋለሁ።"

"ነገር አታጣሚብኝ። ሽማግሌ የሚያጠናው ዘር ነው። ሰው እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይላል።"

"እናቷ ያቻትና፤ ይዩዋት። እኔ እናቷ አይደለሁም።"

"እህቷ ነሽ። ያንን እግር አይተው ነገ ከሀኒ ለሚወለደው ልጅ ይሰጋሉ። ክፋት አይደለም፤ የአገር ነገር ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ አትሂጂ። ያን የመሰለ አጭር ቀሚስና ያን የአህያ ሸክም የመሰለ ጫማ ተዪና ረጅም ልበሽ።"

"እርስዎ ሱሪዎን አጭር ያድርጉ ብዬዎት አውቃለሁ?"

እናቴ "ወለላ" አለች፤ ስሜን ብቻ። ጋሼ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ሀኒ ኮሌጁ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በዘንባባዎቹ ሥር አድርገን ወደ ሐይቁ ወረድን፤ ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ታንኳ ሙሉ እንጨት የጫነ ሰው ከዘጌ በኩል እየቀዘፈ ይመጣ ነበር። ሀኒ እሱን እያየች ተናገረች።

"ወሌ፣ ፍሬ ስብሐት ስለ እግርሽ አያውቅም።"

ወደ እሷ ዞርሁ።

"ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልሁ ሁለት ዓመት ሄደ። ሽማግሌዎቹ አይተው ሄደው ከእነሱ አፍ ከሰማው አለቀልኝ። ለአንዲት ቀን፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ ጓዳ ቁጭ በይልኝ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።"

ጋሼ ቢለው ኖሮ ሐይቁን ተሻግሮ የሚሰማ መልስ ነበረኝ። ሀኒ ናት ያለችው። ያቺ ሌሊት ሌሊት እግሬ ሲያቃጥለኝ ውኃ እያሞቀች የምታመጣልኝ ልጅ። የከፋኝ እግሬን ማፈሯ አይደለም፤ እስከዚያች ቀን ድረስ የማታፍርበት አንድ ሰው አለኝ ብዬ መኖሬ ነው።

"እሺ" አልሁ። "ግን ለብሼ ነው የምቀመጠው።"

"ጓዳ ማን ያይሻል?"

"እኔ አያለሁ።"

እሑድ ጠዋት እግሬን አጠብሁ፤ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር አደረቅሁ፤ ቅባቴን ተቀባሁ። ነጭ ኮሌታ ያለውን የጠርሙስ አረንጓዴ ቀሚሴን ለበስሁ። ሰናፍጭ ቀለሙን ባለ አግድም መስመር ካልሲ እስከ ጉልበቴ ሥር ስቤ አጠለቅሁ። ጫማዬን ግን አላደረግሁም፤ ቤታችን አዲስ ሴራሚክ የተነጠፈበት ነውና እናቴ በር ላይ ሳያወልቅ የሚገባ ሰው አትወድም። የሁላችንም ጫማ በር ላይ ባለች መደርደሪያ ነው የሚውለው። ጋሼ ቤቱን ዙሮ አየ። የእኔን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አወረደ፤ የማጠቢያ ሳፋዬን ከሽንት ቤት አወጣ፤ ቅባቴን ሳይቀር ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። እኔን ጓዳ አስገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን ጫማ ግን ማናችንም ልብ አላልነውም። በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ሰው አያየውም።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው መምህር ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ፣ በሰፈራቸው ብዙ ጋብቻ ያስማሙ፣ ንግግራቸው የተለካ ሰው ነበሩ። በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ ቀጥ አለ፤ በበሩ ክፍተት አጮልቄ አየሁ። መምህሩ ጫማቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ሲፈልጉ መደርደሪያው ላይ ዓይናቸው አረፈ። ከደንበጫ በላይም ይሁን በታች፣ ገጠር ያደገ ሰው አንዱ ከአንዱ የሚበልጥ ጫማ ሲያይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

"ይህ ጫማ የማን ነው?" አሉ በጨዋ ድምፅ።

"እ... የሠራተኛችን ነው" አለ ጋሼ። "አንዲት ምስኪን አለች፤ ለነፍስ ብለን ያስጠጋናት።"

ጠበቅሁ። ጋሼን አይደለም የጠበቅሁት። እናቴ እዚያው በሩ አጠገብ እንደቆመች ነጠላዋ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። "የልጄ ነው" እስክትል ጠበቅሁ፤ ሁለት ቃል ናት። እንግዶቹ ወደ ውስጥ አለፉ፤ እንደ ወጉም አንቀመጥም አሉ፤ ጋሼ ተቀመጡ አለ፤ ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም አሉ። መምህሩ ሥሉስ ቅዱስን ጠርተው "ለልጃችን ለፍሬ ስብሐት ልጃችሁን ሀኒን ስጡን ብለን መጥተናል" ብለው ሦስቱም ሲቀመጡ፣ እናቴ ገና ምንም አላለችም።

ለሀኒ ጓዳ እቀመጣለሁ ብያለሁ፤ ሠራተኛ ሆኜ እቀመጣለሁ አላልሁም። ለነፍስ የተጠጋሁ ሆኜማ በምንም መንገድ አልቀመጥም። በሩን ገፋሁና ወጣሁ።

ሴራሚኩ ላይ በካልሲ ቆምሁ። መስኮቱ ፊት ለፊት ነው፤ ብርሃኑ ልክ እግሬ ላይ ወደቀ። አግድም መስመሮቹ ግራዬ ላይ ሲደርሱ ሰፋ ብለው ይዞራሉ፤ ከሪማ እንዳለችው በእርግጥ ያወፍራሉ።

"እንደምን ዋላችሁ፣ አባቶች" አልሁ። "ጫማው የእኔ ነው። ወለላ አዘዘ እባላለሁ፤ የሀኒ ታላቅ እህት ነኝ። ሠራተኛ የለንም።"

ጋሼ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ኋላ ሰበሰበ፤ በሽታው ወለሉን ተከትሎ የሚመጣበት ይመስል። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዓይኔ የሚሄደው እዚያ ነው።

መምህር ወልደ ዮሐንስ ረጋ ብለው "እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

"አሜን። ግን እግዜር ይማርሽ የሚባለው ለተኛ ሰው ነው፤ እኔ ቆሜያለሁ።"

ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ዓይናቸው ድረስ አልደረሰም። ከሁለቱ ጋር ፊታቸውን ዞር አድርገው ተንሾካሾኩ። የሰዎችን ሹክሹክታ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ መጠበቅ እችልበታለሁ። የጓዳው በር ከኋላዬ ክፍት ነው፤ ከሱ ወዲያ ባለው ክፍል ሀኒ እንዳለችና ሁሉን እንደምትሰማ አውቃለሁ። የሁለት ዓመት ፍቅሯን በአንድ አፍታ አፍርሼባት ይሆናል። ይህን እያወቅሁም ወደ ኋላ አልተመለስሁም።

በመጨረሻ መምህሩ ተመለሱ።

"እኛ ልጅቷን ወደናታል። ስለ እግሩም ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ከእግዜር የመጣ ነው። ነገር ግን የሠርግ ለት ዘመድ ከየአገሩ ይሰበሰባል፤ ምላስ ደግሞ አጥንት የለውም። እንዲያው ለዚያች ቀን ረዘም ያለ ቀሚስ ብትለብሺልን፣ በሰልፉም ወደ ኋላ ብትይልን፣ ነገሩ በሰላም ያልፋል።"

"ይሁን" አለ ጋሼ፤ አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ። "ይህማ ምን ችግር አለው? ይሁን።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ትንሽ ነገር ነው የተጠየቅሁት፤ አንዲት ቀን፣ አንድ ቀሚስ። እናቴ በዓይኖቿ ትለምነኛለች። ማንም ቢሆን እሺ የሚለው ነገር ነበር፤ እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያንን መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ግን አውቀዋለሁ። ለአንድ ቀን ብሎ ነው የሚገባው፤ ከዚያ ክርስትና ይመጣል፣ ከዚያ የልደት በዓል፣ ከዚያ የሀኒ ልጆች "ያቺ የጓዳዋ አክስታችን" ይሉኛል።

"አባቴ፣ ሠርጉ የእሷ ነው፤ እግሩ ግን የእኔ ነው" አልሁ። "ሠርጉን ከፈለገች በእልልታ እሸኛታለሁ። የምለብሰው ቀሚስ ከጉልበቴ በታች፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነው። ካልሲዬም ይታያል፣ ጫማዬም ይታያል። የምቆመውም የታላቅ እህት ቦታ ላይ ነው።"

"ጠገበች" አለ እግሩን የሰበሰበው ሽማግሌ።

ጋሼ ብድግ አለ። "ይቅርታ አድርጉላት፤ ይህች ልጅ ድሮም..."

አልጨረሰውም፤ ሀኒ ወጣች። ሙሽሪት ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ከጓዳ ሆና ትሰማለች እንጂ ድምፅዋም አይሰማም። እሷ ግን ሽማግሌዎቹን በመካከል አቋርጣ በር ድረስ ሄደች፤ ከመደርደሪያው ላይ ጫማዎቼን አነሣች፤ ሁለቱንም በእጇ ይዛ ተመለሰችና ከፊቴ ሴራሚኩ ላይ አኖረቻቸው።

"ልበሻቸው፣ ወሌ። ወለሉ ይቀዘቅዛል።"

"አንቺ ልጅ፣ ወደ ውስጥ ግቢ!" አለ ጋሼ።

"ተዋት" አለች እናቴ።

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ጋሼ ግን ተቀመጠ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና መምህሩን ቀና ብላ አየቻቸው። "ልጄ ናት። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ቅድም መናገር ነበረብኝ" አለች።

ሀኒ ተንበርክካ የግራውን ጠፍር አሰረችልኝ። ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳተችው። አስራ ስትጨርስ ሳትነሣ፣ እዚያው እግሬ አጠገብ ሆና ለሽማግሌዎቹ ተናገረች።

"አባቶች፣ እንደ አገሩ ወግ ቀጠሮ የሚሰጠው የልጅቷ ወገን ነው። እንግዲህ ቀጠሮ አንሰጥም። ፍሬ ስብሐት ስለ እህቴ የማያውቀው እኔ ስለደበቅሁት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። አሁን ያያችሁትን አንድም ሳታስቀሩ ንገሩት። ካልፈለገ መልእክት አያስፈልገውም፤ ይቅር። ከፈለገ ግን ሽማግሌ አይላክ። ራሱ ይምጣና እህቴን ይጠይቃት።"

መምህር ወልደ ዮሐንስ ተነሡ። ተቆጥተው ይሁን አዝነው አላወቅሁም። "እንነግረዋለን" አሉ። ሦስቱም በር ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ፤ ጭቃውን እየዘለሉ ባጃጅ ወዳለበት ወረዱ። ጋሼም ተከትሏቸው ወጣ፤ ሳይሰናበተን።

ሀኒ ሁለት ቀን አለቀሰች። ስልኩ አልጮኸም። እሷ አላኮረፈችኝም፤ እኔም ልክ ነበርሁ አላልኋትም፤ ልክ ሆኖ እህት ስታለቅስ ማየት ደስ አይልም። ሰኞ ሥራ ስሄድ ያንኑ ባለ አግድም መስመር ካልሲ አደረግሁ። ፋይል ላመጣ ስነሣ አውቄ በመስኮቱ ፊት ዞሬ አለፍሁ።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ፍሬ ስብሐት ብቻውን ነበር። በር ላይ ጫማውን አወለቀ። እኔ ሳሎን ወንበር ላይ፣ ጠረጴዛ በሌለበት ቦታ ተቀምጬ ነበር፤ ጫማዬን አድርጌ። እናቴ ሴራሚኩን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ አውልቂው አላለችኝም። ሀኒ ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ሰላም ብሎኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዓይኑ ወደ እግሬ ወረደ። እኔም አልሰበሰብሁትም።

"ጠይቅ" አልሁት። "ዘር ከሆነ የምትጠይቀው ዘር አይደለም፤ አፈር ነው። ይተላለፋል ወይ ካልህ አይተላለፍም። ረጅም ልበሺ ካልህ ደግሞ በሩ ያው እዚያ ነው።"

አይደለም በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቃል ለመፈለግ የሚቸገር ሰው ነው፤ ሀኒ ነግራኛለች።

"ያማል?" አለኝ።

ከነርሷ በቀር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጋሼ አልጠየቀኝም፤ መምህሩም ከነእግዜር ይማርሽ አልጠየቁኝም። እንባዬ መጣ፤ በንዴት መለስሁት።

"ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ልኩን ካልሲና ጫማ ሲያገኝ አያምም" አልሁት። "እሑድ ጓዳ ሲቀመጥ ግን አሞኛል።"